አራት ሰዓት ስንት ዲግሪ ነው

ቁጣሽ አፍንጫሽ ላይ ነው ይሉኛል የሚያውቁኝ። እውነታቸውን ነው። ሒሳብ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ጠመኔ የወረወርኩባቸው ተማሪዎች ቢሰበሰቡ አንድ ክፍል ጢም ብሎ ይሞላል። ጠመኔ ግን ልብስ ያነጣና ይራገፋል፤ ልጁም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ። እንዲህ የምር ነገር መሆኑን ግን ያወቅኩት በራሴ አፍ ነው።

ያኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈረንሳይ አካባቢ፣ እንጦጦ ሥር ነበር። ግቢው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ኳስ ከአጥሩ ካመለጠ አስፋልት ሳይደርስ አይቆምም። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የሚመጡት ከሽቅቡ ሰፈሮች ነው፤ የሸማኔ ልጅ አለ፣ የዘበኛ ልጅ አለ፣ የባለሱቅና የቢሮ ሠራተኛ ልጅ አለ፣ እናቱ ከጫካው ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ አለ። ዝናብ የጣለ ቀን ግማሹ ክፍል ጭቃውን ይዞ ይገባና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጫማ በመጥረግ ያልቃል።

እኔ አንድ የማልለቀው እምነት ነበረኝ፤ እጅ የነካውን ጭንቅላት አይረሳም። ስለዚህ የማላጠራቅመው ነገር አልነበረም። የመድኃኒት ካርቶን ቆራርጬ ፒራሚድ እሠራለሁ። ከየግሮሰሪው ቆርኪ ለምኜ እመጣና ተማሪዎቹን በሱ አስቆጥራለሁ፤ በሆዱ የተኛው ቆርኪ ፖዘቲቭ፣ በጀርባው የተኛው ኔጋቲቭ፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ ሲገናኙ ተጣፍተው ከጠረጴዛው ይነሳሉ። በሁለት ጠመኔ ሙሉ ያልገባቸው ነገር በአንድ እፍኝ ቆርኪ ሲገባቸው አይቻለሁ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ከረጢቴን ይዤ ስገባ ባልደረቦቼ “ቆራሌው!” ብለው ይጮሁብኝ ነበር፤ እንደዚያ በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ እንደሚሰበስበው ሰው። እኔም “የሚሸጥ ጭንቅላት ካለ እገዛለሁ” እላቸዋለሁ።

ከዚያ ፕላዝማ መጣ። በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ነው፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ ዘጠነኛ ክፍል ሁሉ በአንድ ጊዜ። የእኛ ሥራ መክፈት፣ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነው። በመሃል ያለው የፕላዝማው ነው። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ልጆቹ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ “ቬሪ ጉድ!” ብሎ ያልፋል። ማንን እንደሚያመሰግን እግዜር ይወቅ። እኔ ግን በዚያች ዝም በሚልባት ክፍተት እየገባሁ ጥያቄውን ወደ አማርኛ እመልስላቸው ነበር። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያደርግ አልነበረምና እኮራበት ነበር። ያኮራኝ ነገር ነው ጉድ ያደረገኝ።

ፕላዝማ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ስለ አንግል በምናስተምርበት ሳምንት፣ ሱፐርቪዥን መጣብን። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ደብተር ይዘው የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። እኔ ተዘጋጅቻለሁ። ሰፈር ካለ አናጺ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ለምኜ፣ ክብ አስቆርጬ፣ ቁጥሮቹን በቀይ ቀለም ጽፌ፣ ሁለት ቆጣሪ በምስማር አስሬ የሚዞር ሰዓት ሠርቻለሁ። ፕላዝማው የሰዓት ሥዕል እንደሚያሳይ ከመምህሩ መመሪያ ላይ አንብቤያለሁና እሱ በሥዕል ሲያሳይ እኔ በእጅ ላስነካቸው ነው።

ፕላዝማው ጠየቀ፤ በፎር ኦ ክሎክ በሁለቱ ቆጣሪዎች መካከል ያለው አንግል ስንት ነው? ዝም አለ። እኔ የእንጨት ሰዓቴን ከፍ አድርጌ ቶሎ ብዬ ገባሁ፣ “አራት ሰዓት ላይ በሁለቱ ቆጣሪዎች መካከል ስንት ዲግሪ አለ? ማን መጥቶ ያሳየናል?”

የወጣችው ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ናት። አባቷ ሸማኔ ነው፤ ወላጆቿ ከጋሞ ደጋ መጥተው እዚያው ተራራው ሥር የሰፈሩ ናቸው። ስትናገር ድምፅዋ የሚሰማው ለጎረቤቷ ብቻ ነው፤ ቆርኪ ሳከፋፍል ግን ከሁሉ ቀድማ የምትጨርስ እሷ ነበረች። አፏ ከመናገሩ በፊት እጇ ሠርቶ ይጨርሳል። እንደዚህ ያለ ልጅ ለእኔ ዓይነቷ አስተማሪ ሎተሪ ነው። ስትነሳ ደስ አለኝ፤ ለእንግዶቹ ላሳያት ፈልጌ ነበር።

መጣች። ትልቁን ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ አቆመች። ትንሹን አዙራ አሥር ላይ አሳረፈችው። በጣቷ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረችና “ስልሳ” አለች።

በዚያችው ቅጽበት ፕላዝማው ላይ አንድ መቶ ሃያ ወጣ፣ “ቬሪ ጉድ!” አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ኋላ የተቀመጡት ሦስቱም እስክሪብቷቸውን ሲያነሱ አየሁ። ፊቴ ጋለ።

“ሰዓት ማንበብ ሳትችይ ነው ዘጠነኛ ክፍል የደረስሽው?” አልኳት።

ሳቁ ጨመረ። እሷ የእንጨቱን ሰዓት አየች፣ እኔን አየች። “ቲቸር፣ አራት ሰዓት እኮ...”

“ቁጭ በይ!”

ተቀመጠች። ትንሹን ቆጣሪ ከአሥር ላይ አንስቼ በገዛ እጄ አራት ላይ አደረግኩት፣ አንድ መቶ ሃያ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። በኋላ የሱፐርቪዥኑ አስተያየት ሲነበብ፣ ከአካባቢ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ ሠርታለች፣ የተማሪን ስሕተት ወዲያው አርማለች ተባለልኝ። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ወጣላት። “ስልሳ” ይሏታል። ዕቃ ሲወድቅባትም ስልሳ፣ ስታስነጥስም ስልሳ።

በማግስቱ የዕረፍት ደወል ሲደወል ግቢው መሃል ነበርኩ። ደወሉ የሚደወለው አራት ሰዓት ላይ ነው። እንደ ልማዴ ዘበኛው አሳልፎ ይሆን ብዬ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ልክ አራት ሰዓት ነው። ትልቁ ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ፣ ትንሹ አሥር ላይ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጆች እየሮጡ ሲጋጩኝ አልሰማሁም። የእኛ አገር ሰው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ቆጣሪው አሥር ላይ ሲያርፍ አይቶ አራት ሰዓት ነው ይላል። ጠዋት ባለቤቴ ስንት ሰዓት ነው ሲለኝ ስድስት ቀንሼ ነው የምነግረው፤ መቀነሴንም አላውቀውም። ፎር ኦ ክሎክ ሌላ፣ አራት ሰዓት ሌላ። ፕላዝማው የጠየቀው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው ጥያቄውን ለወጥኩት። እሷ የመለሰችው የእኔን ጥያቄ ነው። ስልሳ። አንድ ዲግሪ አልተሳሳተችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያውም እሷ ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት ቁጭ በይ ብዬ።

ያን ቀን ከእነሱ ጋር ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም፤ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ነገሩን ለዲፓርትመንት ኃላፊያችን አጫወትኩት። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ “ተይው ባክሽ። ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ፣ መልሱም መቶ ሃያ። አሁን ገብተሽ ልክ ነበረች ብትያቸው ልጆቹን ታደናግሪያቸዋለሽ። ደግሞ ግምገማ እየመጣ ነው፤ ሱፐርቪዥኑ የተማሪ ስሕተት አረመች ብሎ ጽፎልሽ አንቺ ስሕተቱ የኔ ነው ልትይ? ሆድ ይፍጀው በይ።”

ክፉ ሰው አልነበረም። የመከረኝ ለኔው አስቦ ነው። እኔም ምክሩን የተቀበልኩት ልክ ስለመሰለኝ አልነበረም፤ ስላመቸኝ ነው። ሐሙስ ገባሁ፣ አልተናገርኩም። ዓርብም እንዲሁ። አንድ ቀን ያልተነገረ ነገር በሁለተኛው ቀን ይከብዳል፤ በሳምንቱ ደግሞ መናገሩ ራሱ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። “እስካሁንስ የት ነበርሽ?” የሚል። ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

ልጅቷን ግን አያት ነበር። ቆርኪ ሳከፋፍል የራሷን ድርሻ ሳትነካ ወደ ጎረቤቷ ትገፋዋለች። እጇን ዴስኩ ሥር ታደርጋለች። ስጠራት ትነሳለች፣ “አላውቅም” ትላለች፣ ትቀመጣለች። እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ደብተሯን ሳርም ልክ ነው። በአፏ ግን አላውቅም ትላለች። አንድ ልጅ ከኋላ “ስልሳ በይ!” አለና ሁሉም ሳቀ። ያን ልጅ ተቆጣሁት፣ አስወጣሁትም። መውጣት የነበረበት ሌላ ሰው ነበር፤ ሰሌዳው አጠገብ የቆመው።

በሁለተኛው መንፈቅ መግቢያ ላይ ኮተቤ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የቅዳሜና እሑድ ሥልጠና ተጠራን። ጂኦሜትሪ በኮምፒውተር ማስተማር ነው። ብዙዎቻችን ማውዝ ይዘን አናውቅም፤ አንዱ መምህር ማውዙን እንደ ሪሞት ወደ ስክሪኑ አነጣጥሮ ሲጫን ያየሁት እስካሁን ያስቀኛል። ፕሮግራሙ ግን አፈዘዘኝ። ክብ ትሥላለህ፣ መስመር ታወጣለህ፣ መስመሩን በማውዝ ስትጎትተው አንግሉ ቁጥሩን እየለወጠ ይሄዳል። ማስተማር ስጀምር ይህ ቢኖረኝ ስንት ካርቶን ይተርፍ ነበር አልኩ በልቤ።

አሠልጣኙ የፈለጋችሁትን ሥሩ ሲለን እጄ በራሱ ጊዜ ሰዓት ሠራ። ትንሹን ቆጣሪ አራት ላይ ጎተትኩት፣ መቶ ሃያ አለ። አሥር ላይ ወሰድኩት፣ ስልሳ። ልጅቷ ፊቴ መጣችብኝ። ከዚያ ዝም ብዬ ሌላውን ሞከርኩ። ሁለት ላይ ስልሳ፤ የእኛ ሁለት ሰዓት፣ ማለት ስምንት ላይ፣ መቶ ሃያ። አንድ ላይ ሠላሳ፤ የእኛ አንድ ሰዓት ላይ መቶ ሃምሳ። አምስት ላይ መቶ ሃምሳ፤ የእኛ አምስት ሰዓት ላይ ሠላሳ። ሁልጊዜ የፈረንጁና የኛው ሲደመሩ መቶ ሰማንያ ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ግማሽ ዙር ነውና መሆኑ አይቀርም፤ ግን ይህን ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩት ሰው አስቤው አላውቅም ነበር። አንዲት የሸማኔ ልጅ የዚህን ግማሽ ሰሌዳ ፊት አምጥታ ሰጥታኝ እኔ ቁጭ በይ አልኳት። ማውዙን ለቅቄ ወጣሁና ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ለአሠልጣኙ ስክሪኑ ዓይኔን አሳመመኝ አልኩት።

ሰኞ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ንግግሬን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። ልክ የነበረችው እሷ ናት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ኑ አሁን የሁለቱን ሰዓት ሚስጥር እናውጣ። ለአንድ አስተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይመጣል? ሰኞ ገባሁ፣ የእንጨት ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እሷ ሰዓቱን ስታየው አንገቷን ቀና አደረገች። አየኋት። “ባለፈው...” ብዬ ጀመርኩ፣ ሁሉም አዩኝ፣ ፕላዝማው “ሄሎ ስቱደንትስ” አለ። ወደ ፕላዝማው ዞርኩ። መዝጋት እችል ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን ሲጀምር እፎይ አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር እፎይ ነው ያልኩት። እሷም አንገቷን መልሳ ደፋች።

ከፋሲካ ዕረፍት መልስ ቦታዋ ባዶ ሆነ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። በሦስተኛው ቅዳሜ አድራሻዋን ከመዝገብ ቤት ወስጄ ወደ ጉራራ ሽቅብ ሄድኩ። ቤቱን ያገኘሁት በድምፁ ነው፤ ሸማው ሲመታ ከመንገዱ ይሰማል። አባቷ ከሽመናው ጉድጓድ ሳይወጡ አዩኝና ማን መሆኔን ስነግራቸው መወርወሪያቸውን ጥለው ተነሱ። ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ናቸው። በር ላይ የነበረውን ወንበር በጋቢያቸው ጠራርገው ለእኔ ሰጡኝና ራሳቸው ቆሙ።

“ልጄ ምን አጠፋች?” አሉኝ።

አስተማሪ ቤት ድረስ የሚመጣው ልጅ ሲያጠፋ ነው ብለው ነው። “ኧረ ምንም አላጠፋችም” አልኳቸው።

“እናቷ ታማብን እሷን ታስታምማለች፤ አሁንም ጤና ጣቢያ ይዛት ሄዳለች። ትንሽ ሲሻላት በማታው ትቀጥላለች ብያለሁ። ግን ካጠፋች አይደብቁኝ። እኔ ልጄን በጥፋት አላሳደግኩም።”

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚለው። ሰውየው ደግሞ ፊቴ ቆመው ጥፋት ሊቀበሉ እጃቸውን አጣምረዋል። እንዴት ብዬ ነው ለእኚህ ሰው ልጅዎ ልክ ነበረች፣ እኔ ግን በሰው ፊት አዋርጃታለሁ፣ አውቄም ዝም ብያለሁ የምለው? “ጎበዝ ተማሪ ናት። ሰላም ይበሉልኝ” አልኳቸው። እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ። ልጅቷ አልመጣችም፤ በቀኑም በማታውም።

ከዚያ በኋላ በልጅቷ ላይ ያደረግኩትን ለማንም አልተናገርኩም። በሚቀጥለው ዓመት ለአዲሶቹ ልጆች የሁለቱን ሰዓት ትምህርት አስተማርኩ። ወደዱት። ኮምፒውተር ክፍሉ ሲከፈት በፕሮግራሙ እየጎተቱ ራሳቸው መቶ ሰማንያን እንዲያገኙት አደረግኩ፤ ሲያገኙት የሚጮሁት ጩኸት ኮሪደሩን ይሞላ ነበር። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ድረስ ሄጄ ለመምህራን አሳየሁት። ሞዴል መምህርት ተብዬ ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ሐሳቡ ከየት መጣልሽ ሲሉኝ “ከተማሪዎቼ” እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።

ዓመታት አለፉ። ለእኔም መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ከሽቅቡ ወደ ሜዳው ወረድኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ መገናኛ፣ ወደ ሲኤምሲ የሚሄደውን ታክሲ በሰልፍ ስጠብቅ ከፊቴ ያለችው ሴት ዞር አለች። የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ትንሽ ልጅ እጇን ይዛለች። “ቲቸር?” አለችኝ። ድምፅዋ አሁንም ለጎረቤት ብቻ የሚበቃ ነው።

ተሳሳምን። እናቷ በዚያው ዓመት ማረፏን ነገረችኝ። አግብታለች፣ ካራ አካባቢ ከባሏ ጋር ትንሽ የልብስ ሱቅ አላቸው። “አባቴ በማታ ተማሪ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ” አለች፣ ሳልጠይቃት። ከዚያ ለልጇ፣ “የኔ የሒሳብ ቲቸር ናቸው፤ ሰላም በያቸው” አለቻት። ትንሿ ልጅ ጉልበቴን ሳመች።

እንግዲህ አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ነው? ሰልፉ መሃል፣ ረዳቶቹ “ሲኤምሲ! መሪ!” እያሉ በሚጮሁበት፣ “ያን ቀን ስልሳ ያልሽው ልክ ነበር” አልኳት።

ፊቷ በራ። እንደዚያ ፊት ሲበራ አይቼ አላውቅም። “አውቃለሁ! እርስዎ የጠየቁን በአማርኛ ነዋ! እኔ እኮ ያኔውኑ ልነግርዎት ነበር...” ብላ ሳቀች። የቀረውን አልጨረሰችውም፤ ቁጭ በይ ማለቴን ላለማስታወስ መሆኑ ገባኝ። “ከዚያ አንድ ቀን አይተውት ይነግሩናል ብዬ ጠበቅኩ። ያንን የእንጨት ሰዓት ባመጡ ቁጥር ዛሬ ነው እላለሁ።” ቀና ብላ አየችኝ። “መቼ ነው ያዩት ቲቸር?”

በማግስቱ። በዕረፍት ደወል። መልሱ ሦስት ቃል ነበር።

“በቅርብ ነው” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ለብዙ ጊዜ የተሸከመውን ነገር እንዳወረደ ሰው ትንፋሿን ለቀቀች። “እኔም እንደሱ ነው ያሰብኩት። ያኔ አይተውት ቢሆን ኖሮማ ይነግሩኝ ነበር።”

ታክሲው መጣ። ልጇን አስቀድማ ገባችና በሩ ጋ ሆና “ይግቡ ቲቸር፣ ቦታ አለ” አለችኝ። የረሳሁት ዕቃ አለ አልኳትና ከሰልፉ ወጣሁ።